ዜሮዎቹ የት ገቡ?

ሰሌዳው ላይ 30,000 ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ እኩል ይሆናል አልኩና 3×10⁴ ጨመርኩ። ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ። «መምህር፣ ዜሮዎቹ የት ገቡ?»

የማታ ክፍል ነው። ባሕር ዳር፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ሒሳብ። የጠየቁኝ ሴት ሃምሳን የተሻገሩ ናቸው። ግሽ ዓባይ አካባቢ ሱቅ አላቸው፤ የሰፈራቸው እቁብ ጸሐፊም ናቸው። ክፍሉ በሙሉ «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሳቅ ተነሳ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። «የሳምንቱን እቁብ ሰብስቤ ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ብጽፈው፣ ሦስት ብር ሰበሰበች ነው የምባለው እኮ» አሉ።

መልሱ አጭር ነው። ላይ ያለችው 4፣ ከሦስቱ በኋላ አራት ቤት አለ ትላለች። ይኼንኑ ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ። እሺታቸው ግን ያመነ ሰው እሺታ አልነበረም። ሌላው ተማሪ በእኔ ምክንያት እንዳይጉላላ ተብሎ የሚባል ዓይነት እሺ ነበር። ክፍለ ጊዜው አለቀ፤ መብራቱም እንደ ልማዱ ብልጭ ድርግም ብሎ ሸኘን። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ቤት ገባሁ። ልጅ ጠይቆኝ ቢሆን አይከነክነኝም ነበር። የሰው ገንዘብ በእጁ የሚያልፍ ሰው ሲጠይቀው ግን ክብደቱ ሌላ ነው።

ያልጠረጠረ

ቀን ቀን ልጆችን አስተምራለሁ። ለልጆች ይኼ ሳይንቲፊክ ኖቴሽን የሚሉት ነገር፣ ቁጥርን በአስር ርቢ አሳጥሮ መጻፍ፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ነው። «ነጥቧን ወደ ግራ ግፏት፣ ስንት ቤት እንደሄደች ቁጠሩ፣ የቆጠራችሁትን ከአስር በላይ ጻፉት» ትላቸዋለህ። ይገፏታል። ዜሮዎቹ የት እንደገቡ የሚጠይቅ የለም። ዜሮ እስካሁን ምንም አላስከፈላቸውም።

አዋቂ ሰው ግን ከዜሮ ጋር የቆየ ሒሳብ አለው። ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ በወጣትነቱ፣ ማንበብ ሳይችል፣ አንድ የብድር ወረቀት ላይ ጣቱን አሳርፏል። በኋላ ሲታይ ወረቀቱ ላይ አንዲት ዜሮ በዝታለች። እሷን ዜሮ ዓመታት ፈጅቶ ከፍሏታል። ፊደል የቆጠረውም በዚያ ንዴት ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ዜሮዎቹን ትተን በአጭሩ እንጽፈዋለን» ማለት እንደ ዋዛ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

ባንክ ሄዳችሁ ገንዘብ ስታወጡ ቅጹ መጠኑን በአሃዝም በፊደልም ጻፉ ይላችኋል። ምክንያቱ ይኸው ነው። 3,000 ላይ ዜሮ ለመቀጠል አንድ ሰከንድ ይበቃል። «ሦስት ሺህ» የሚለውን «ሰላሳ ሺህ» ለማድረግ ግን ፍቀህ፣ ደልዘህ፣ ከዚያም ተይዘህ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት በሱቅና በእቁብ ሰፈር የዕለት ተዕለት መመሪያ ነው። እኔ ደግሞ ጠመኔ ይዤ ገባሁና ዜሮዎቹን በሙሉ አነሳሁ። ዝም ቢሉኝ ነበር የሚገርመው።

ሌላ ቦታ ግን ዜሮ ሲጠፋ ማንም አይጠረጥርም። ራዲዮ የ2018 የፌዴራል በጀት 1 ነጥብ 93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ ሲል፣ ያ ራሱ ያጠረ ቁጥር ነው። ከፊት 1 ነጥብ 93 አለ። ከኋላ መጠኑን የሚናገር ስም አለ። በመካከል አስር ዜሮ ተውጧል። እትዬ ያን ዜና ሰምተው «ዜሮዎቹስ?» አላሉም። ጆሮ ለምዶታል። ጆሮ ግን ልክ አይይዝም። ሚሊዮን፣ ቢሊዮን፣ ትሪሊዮን ሲባል ለአብዛኛው ሰው ሦስቱም «ብዙ» ነው። ትሪሊዮን የሚሊዮን ሚሊዮን እጥፍ እንደሆነ ድምፁ አይነግርህም። 10⁶ እና 10¹² ተብሎ ሲጻፍ ግን ቢያንስ ዐይን ላይ ይወድቃል። እኔ ከለመደ ጆሮ የሚጠረጥር ዐይን ይሻለኛል። የሚጠረጥር ተማሪ እያየ ነው ማለት ነው።

፫፼

ነገሩን የፈታው ሌላ ሰው ነው።

ክፍላችን ውስጥ «ዲያቆን» የምንለው የመጋዘን ጥበቃ አለ። ከክፍል በቀጥታ ወደ ተረኝነቱ ስለሚሄድ ጋቢውንና ባትሪውን ይዞ ነው የሚመጣው። ልጅነቱን ያሳለፈው በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ነው፤ ቅኔ ቤት ድረስ ዘልቋል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ብዙ አይናገርም። ከአለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እያልኩ አንዳንዴ እነካካዋለሁ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ያንኑ 3×10⁴ ጽፌ ዞር ስል፣ ዲያቆን ቆሟል።

«መምህር፣ ጠመኔዋን አንዴ ልዋስ?»

ሰጠሁት። ከእኔ ጽሑፍ ሥር ሁለት ምልክት ብቻ ጻፈ። ፫፼። አጻጻፉ ዝግ ያለ ነው፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን መስመር ይጠብቃል። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር ዞረ።

«እትዬ፣ ይኼን ያውቁታል?»

«የቤተ ክርስቲያን ቁጥር ነው። የመጀመሪያዋ ሦስት ናት። ሁለተኛዋን እንጃ።»

«እልፍ ናት፣ አስር ሺህ። ሦስት እልፍ፤ ሰላሳ ሺህ።»

እትዬ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

«እዚህ ውስጥ ዜሮ ያያሉ?»

«አላይም።»

«በዚህ ስንት ዘመን ተጽፏል። ማን ተበላ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በዚህኛው እትዬም ሳቁ።

የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት አሉ፣ ከአስር እስከ ዘጠና ያሉት አሉ፣ ከዚያ ፻ እና ፼። ትልቅ ቁጥር ሲመጣ ስንት እንደሆነ ከፊት ትጽፋለህ፤ የምኑ ስንት እንደሆነ ከኋላ። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ፳፻፲፰ ሲል፣ ሃያ ጊዜ መቶ፣ ሲደመር አስራ ስምንት ማለቱ ነው። ፫፼ ሦስት ጊዜ አስር ሺህ ነው። 3×10⁴ም ሦስት ጊዜ አስር ሺህ ነው። እኔ ከውጭ የመጣ አድርጌ ያቀረብኩትን፣ ዲያቆን ከልጅነቱ ጀምሮ ከዳዊት መዝሙር ቁጥር ጋር ሲያነበው ኖሯል።

የግዕዝ ቁጥሮች ቅርጻቸውን ከግሪክ ፊደላት እንደወሰዱ ምሁራን ይናገራሉ። ግሪኮቹም አስር ሺህን እንደ አንድ ትልቅ መሰላል ነበር የሚረግጡት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አርኪሜዲስ ዓለሙን በሙሉ የሚሞላ የአሸዋ ቅንጣት ስንት ነው ብሎ ሲነሳ፣ የተለመዱት ቁጥሮች አልበቁትም። ስለዚህ እልፍ ጊዜ እልፍን ይዞ፣ እሱን እንደ አዲስ አንድ እየቆጠረ ወጣ። በእኛ አጻጻፍ 10⁸ መሆኑ ነው፤ በዲያቆን ደግሞ ፼፼። በመጨረሻ የደረሰበት ቁጥር ዛሬ 10⁶³ ብለን የምንጽፈው ነው። ይኼን ለክፍሉ ስነግራቸው «ሥራ አልነበረውም እንዴ?» ያለ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ግዕዙ የት ላይ እንደሚደክም ለማየት አንድ ነገር ሞከርን። «እስቲ 6×10²³ን ጻፍልን» አልኩት ዲያቆንን። ኬሚስትሪ ላይ የሚያገኙት ቁጥር ነው፤ በ12 ግራም ካርቦን ውስጥ ያሉት አቶሞች ብዛት ወደዚያ ይጠጋል። በጣቱ ቆጠረ። አጉረመረመ። ከዚያ ፷፻ ጻፈና አምስት እልፍ ደረደረ፦ ፷፻፼፼፼፼፼። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ አየውና «ይኼስ ሐረግ ሆነ» አለ። ያን ሁሉ ድርድር አንዲት 23 ትተካዋለች። ለዚህ ነው ከፍ ያለችዋ ቁጥር የተፈለገችው።

እስካሁን የማስበው ግን ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። እትዬ ተነሱ። ሰሌዳው ጋ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። 3×10⁴ ላይ ሦስቷን በጣታቸው ነኩ።

«ይቺን ብሳሳት፣ ሦስቱን አራት ብል፣ አስር ሺህ ብር እከስራለሁ። ያማል፤ ግን እከፍለዋለሁ።»

ጣታቸው ወደ ላይ ወጣና አራቷ ላይ አረፈ።

«ይቺን ብሳሳትስ? አምስት ብላት?»

«ሦስት መቶ ሺህ» አለ ባጃጅ ነጂው ከመስኮቱ በኩል። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው፤ ባጃጁን እያየ ይማራል።

«ሱቄ ሄደ» አሉ እትዬ። ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ አሳንሳችሁ የምትጽፏት?»

እውነት ለምንድን ነው? ርቢን፣ ማለትም ያቺን ላይኛዋን ቁጥር፣ ከፍ አድርጎ በትንሹ መጻፍን ያስለመደው ፈረንሳዊው ደካርት ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ ሥራው። ደካርት የእቁብ ደብተር አልነበረውም። ለእሱ ትንሽ መሆኗ አያስፈራም። ለእትዬ ግን ቤት የምታፈርሰው ቁጥር ከሁሉም አንሳ፣ ከሁሉም ርቃ፣ ጠመኔ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምትጠፋ ሆና ነው የተቀመጠችው።

እኔ እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ይኼን ትምህርት ስንሰጥ ጉልበታችንን የምንጨርሰው ከፊት ባለው ቁጥር ላይ ነው። ከ1 አይነስ፣ 10 አይሙላ፣ ነጥቧ ከመጀመሪያው አሃዝ በኋላ ትሁን። ትክክል ነው። ግን ያ አለባበስ ነው። መጠኑ ያለው ከላይ ባለችው ቁጥር ነው። ፊዚክስ የሚሠሩ ሰዎች አንድን ነገር ሲገምቱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ከላይ ያለችውን ነው፤ የፊቱን በኋላ ያጣሩታል። እትዬ ይኼን ማንም ሳይነግራቸው፣ ኪሳራን በማስላት ብቻ ደረሱበት። ጥርጣሬያቸው ሒሳብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን አንድ ልማድ ገባ። ቁጥር ሲነበብ ከላይ ነው የሚጀመረው። 4.7×10⁸ ከሆነ «መቶ ሚሊዮን ቤት ነን» ይባላል መጀመሪያ። ከዚያ «አራት ነጥብ ሰባት»። እግረ መንገዱንም አንድ አጉል ነገር ተቃና። ብዙ ሰው ላይ ያለችው ቁጥር ዜሮ የምትቆጥር ይመስለዋል። እትዬ 32,000 ጻፉና «ሦስት ዜሮ ነው ያለው፤ አራቷ ምን ትሠራለች?» አሉ። የምትቆጥረው ከመጀመሪያው አሃዝ በኋላ ያሉትን ቤቶች ነው፤ ቤቱ ውስጥ ዜሮም ይኑር ሁለትም ይኑር ግድ የላትም። 3.2×10⁴። ይኼ አንዴ ከገባ ዜሮዎቹ የት ገቡ የሚለው ጥያቄ ራሱ ይቀልላል። ቤቶቹ አልጠፉም፤ ተቆጥረው ነው ያሉት።

ጣና ስንት ጀሪካን ነው?

ጥያቄውን ያመጣው ባጃጅ ነጂው ነው። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን እያመላለሰ ይሠራልና፣ ነገሩ ለእሱ ቀልድ አይደለም።

በግምት እንሥራው አልኩ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጥልቀቱ በአማካይ ወደ 9 ሜትር ነው። እዚህ ላይ ክፍሉ ተንጫጫ። «ይኼ ሁሉ ባሕር ዘጠኝ ሜትር ብቻ?» የዘጌ ልጅ የሆነች ተማሪ ጭራሽ አልተቀበለችኝም። በጣም ጥልቅ የሚባለውም ቦታ ከ14 እና 15 ሜትር እንደማይዘል ስነግራት ደግሞ ተቀየመችኝ። ጣና ሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው፤ ትልቅነቱ ወደ ጎን ነው።

አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሺህ ሜትር በሺህ ሜትር ነው፤ 10⁶ ካሬ ሜትር። ስለዚህ 3×10³ ካሬ ኪሎ ሜትር 3×10⁹ ካሬ ሜትር ይሆናል። በ9 ሲባዛ 27×10⁹ ሜትር ኪዩብ። ከፊት ያለው አስርን አልፏል። 27ን 2.7 ስናደርገው በአስር አሳነስነው፤ ስለዚህ ላይኛዋን በአንድ ከፍ አደረግናት። 2.7×10¹⁰። «ከፊት የነሳነውን ከላይ ሰጠነው፤ ሒሳቡ ተወራረደ» አሉ እትዬ፣ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ስለ ጣና በተጻፉ ጽሑፎች የሚጠቀሰው መጠን ወደ 28 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። በጠመኔና በግምት ያን ያህል መጠጋታችን ክፍሉን አኮራው።

አንድ ሜትር ኪዩብ ሺህ ሊትር ነው። 2.7×10¹³ ሊትር ማለት ነው። በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሲካፈል 1.35×10¹² ይወጣል። የዓለም ሕዝብ ወደ 8×10⁹ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ወደ 170 ጀሪካን ይደርሰዋል። ባጃጅ ነጂው ወዲያው በሰፈር ዋጋ ማባዛት ጀመረ፤ አስቆምነው።

አንዱ ወጣት ደግሞ ሊትሩን ወደ ሚሊ ሊትር ልለውጠው ብሎ በስልኩ በሺህ አባዛው። ስልኩ 2.7 ጻፈና፣ የእንግሊዝኛዋን ኢ ፊደል አስከትሎ፣ 16 አለ። «ቲቸር፣ ኤረር አለኝ።» ጎረቤቱ በራሱ ስልክ ሞከረ፤ የእሱ ዜሮዎቹን በሙሉ ደረደራቸው። የማን ስልክ ነው የተበላሸው በሚል ክርክር ተነሳ። አንዱም አልተበላሸም። ኢ ስህተት ማለት ሳትሆን «ጊዜ አስር ፓወር» ማለት ናት፤ ከኋላዋ ያለው 16 ያቺው ላይኛዋ ቁጥር ነው፤ ስክሪኑ ሲጠበው ስልኩም ያሳጥራል። ስንቱ ሰው ኢን አይቶ ካልኩሌተሩን እንደዘጋ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ አንድ ሰው ሕዳሴን አነሳ። የግድቡ ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው የሚባለው። 7.4×10¹⁰። «ከላይ ጀምሩ» አልኩ። ላይኛዎቹ እኩል ናቸው፤ አስር እና አስር። እንዲህ ሲሆን ነው የፊቱ ቁጥር ተራ የሚደርሰው። 7.4 እና 2.7። ከሁለት ተኩል ጣና በላይ። ለአፍታ ማንም አልተናገረም፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተናገረ። ዓባይ የሚወጣው ከዚሁ ከደጃችን ነው፤ ግድቡ ግን ከጣና ይበልጣል። አብዛኛው የዓባይ ውሃ ከጣና በታች ከሚገቡት ገባር ወንዞች እንደሚመጣ ነግሬያቸው ጉዳዩን ለጂኦግራፊ መምህሩ አሳለፍኩት።

«ሕጉን ስጣቸውና እለፍ»

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሻይ ላይ ይኼን ሁሉ ሲሰማ «ሕጉን ስጣቸውና እለፍ እንጂ» አለኝ። አልፈርድበትም። የማታ ክፍለ ጊዜ አጭር ነው። ተማሪው ደክሞት ነው የሚመጣው። መብራት ይሄዳል። ምዕራፉ ደግሞ ማለቅ አለበት።

ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሕጉን ብቻ የወሰደ ተማሪ መደመር ላይ ይወድቃል። ሲባዛ ላይኛዎቹ ይደመራሉ የሚለውን ይዞ፣ 3×10⁴ ሲደመር 2×10³ የሚል ጥያቄ ይመጣበታል፤ 5×10⁷ ብሎ ይጽፋል። ከላይ ማንበብ የለመደ ሰው ይኼን አይጽፍም። ሰላሳ ሺህና ሁለት ሺህ ተደምሮ ሃምሳ ሚሊዮን ሲሆን ቢያንስ ይደነግጣል። እትዬ ለአንዱ ልጅ ሲያስረዱት «ሦስት ባለ መቶና ሁለት ባለ አስር ብሰጥህ አምስት ብለህ ትቆጥራለህ?» አሉት። መጀመሪያ አንድ ዓይነት አድርጋቸው፣ ከዚያ ደምር። 30×10³ እና 2×10³፣ 32×10³፣ 3.2×10⁴። ለባልደረባዬ ደግሞ የፈተና ነገር ነው የሚገባው፤ የምርጫ ጥያቄ ላይ አራቱም አማራጮች ከፊት አንድ ሆነው ላይ ብቻ ሲለያዩ ስንቴ አይተናል? «እሱስ እውነት ነው» አለ። ሻዩንም እሱ ከፈለ።

ወደ ታች ሲወርድ

ላይኛዋ ቁጥር ከፊቷ የመቀነስ ምልክት ስታመጣ አዲስ ችግር መጣ። አዋቂ ሰው የመቀነስ ምልክትን የሚያውቀው በእዳ ነው። 10⁻⁴ን ያየ ሁሉ ባለ እዳ መሰለው።

ከመምህራን ክፍል ያልተከፈተ የወረቀት እሽግ ይዤ ገባሁ። አምስት መቶ ቅጠል ነው፤ እሽጉ ላይ ተጽፏል። እትዬ በማስመሪያ ለኩት፤ አምስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ። 0.05 ሜትር ለ500 ሲካፈል 0.0001 ሜትር። የአንድ ቅጠል ውፍረት 1×10⁻⁴ ሜትር ነው። ከዚያ እሽጉን ከፍተን አንድ አንድ ቅጠል አደልኩ። ሁሉም በጣቱ ቆንጥጦ ያዘው። እትዬ ቅጠሏን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው በጠርዟ በኩል አዩዋት። «ቀጭን ናት እንጂ እዳ የለባትም» አሉ። አዎ። የመቀነስ ምልክቷ ለስንት እንደተካፈለ ነው የምትናገረው፤ ቁጥሩ ራሱ ከዜሮ በላይ ነው።

በሌላ ቀን የዘጌዋ ልጅ የእናቷን መድኃኒት ካርቶን አመጣች። የእንቅርት እጢ ሆርሞን የሚተካ ክኒን ነው። 50 ማይክሮ ግራም ይላል። እሷ እስከዚያ ቀን ሚሊ ግራም እያለች ነበር የምታነበው። ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፍናቸው፦ 5×10⁻⁵ ግራም እና 5×10⁻² ግራም። የፊቱ ቁጥር ያው አምስት ነው። ላይኛዎቹ በሦስት ይራራቃሉ፤ ሺህ እጥፍ። የማይክሮ ምልክት በእጅ ሲጻፍ ከሚሊ ጋር ስለሚምታታ፣ የመድኃኒት ባለሙያዎች በምልክት ከመጻፍ ይልቅ በማይምታታ አጻጻፍ እንዲጽፉት ይመከራሉ። ልጅቷ ካርቶኑን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት፣ ማይክሮ የሚለውን በእስክሪብቶ አስምራበት ነበር።

ከላይ ወደ ታች ስንወርድ በመካከል አንዲት ባዶ ቦታ ቀረች። 10³ ሺህ ነው። 10² መቶ ነው። 10¹ አስር ነው። 10⁻¹ 0.1 ነው። «10⁰ስ?» አልኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዜሮ!» አለ። ዲያቆን ብቻ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ደረጃ በወረድክ ቁጥር ለአስር ታካፍላለህ፤ አስር ለአስር ሲካፈል አንድ ነው አለ።

ባጃጅ ነጂው ከመስኮቱ ተነሳ። «አስርን አንድ ጊዜም ሳልወስድ እንዴት አንድ ይተርፈኛል? ሰው ሳልጭን ሒሳብ ልቀበል?» በሌላ መንገድ ሞከርኩ። 10³ ለ10³ ሲካፈል፣ ላይኛዎቹ ተቀናንሰው 0 ይሆናሉ፤ ሺህ ለሺህ ሲካፈል ደግሞ አንድ ነው። እሱንም ተከተለ፣ በደብተሩም ሠራው፣ መልሱም አንድ ወጣለት። ፊቱ ግን አልተፈታም። ያን ማታ ከክፍሉ አራት ሰው ጭኖ፣ ከፔዳ ጀምሮ እስከ ጊዮርጊስ በዚሁ ሲከራከሩ እንደሄዱ ሰማሁ። በማግስቱ ጠየቅኩት።

«ለፈተና አንድ ብዬ እጽፋለሁ» አለ። «ለራሴ ግን ገና እያሰብኩበት ነው።»